ሲምፕሰንስን ስትቆርጡ ምን እንደቆረጣችሁ ንገሩን

ለ፦ ቻናል ፎር ቴሌቪዥን፣ ለመርሐ ግብርና ለይዘት ቁጥጥር ክፍሎች
ለንደን
ግልባጭ፦ ለኦፍኮም (የብሪታንያ የስርጭት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት)
ጉዳዩ፦ በምሽት 6 ሰዓት የሚተላለፉት የ«ዘ ሲምፕሰንስ» ክፍሎች የሚቆረጡበትንና የሚደረደሩበትን መንገድ ይመለከታል

የአሜሪካው ተከታታይ ካርቱን «ዘ ሲምፕሰንስ» ከኖቬምበር 2004 ጀምሮ በቻናላችሁ ይተላለፋል። (በዚህ ደብዳቤ ዓመቱም ሰዓቱም በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው። የምሽቱ 6 ሰዓት በእኛ 12፣ የምሽቱ 9 ደግሞ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።) መቀሱን ጣሉ አንልም። ልጆች ቴሌቪዥን ፊት በሚቀመጡበት ሰዓት ይዘት መመዘን እንዳለበት፣ በቅንብርና በሳብታይትል ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ስለሆንን፣ ለማንም አንከራከርም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንድ ክፍል ሲቆረጥ መቆረጡና ምክንያቱ በይፋ ይጻፍ። ያልተቆረጠው ቅጂም ከምሽቱ 9 በኋላ የሚታይበት ቦታ ይኑረው።

ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ይሁንና ደብዳቤው ግልጽ ነው፣ የሚወጣውም በአማርኛ ነው። ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ተመልሰው ይህን ካርቱን የሚያዩ፣ ሥራው ከመጋረጃ ጀርባ እንዴት እንደሚሠራ ግን ማንም ያልነገራቸው ወላጆች ያነቡታል ብለን ከሥሩ እንጀምራለን።

ተከታታዩ በአሜሪካው ፎክስ ጣቢያ ዲሴምበር 17 ቀን 1989 ተጀመረ። ብሪታንያ የገባው በ1990 በስካይ በኩል ሲሆን ያኔ ለማየት ዲሽ ወይም ኬብል ያስፈልግ ነበር። ቢቢሲ በኖቬምበር 1996 በአንደኛው ቻናሉ አስጀመረው፣ በ1997 ወደ ቢቢሲ ቱ አዛወረው፤ የምሽት 6 ሰዓቱ ልማድ ሥር የሰደደው እዚያ ነው። በ2002 መብቱን ከቢቢሲ እጅ አወጣችሁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ማሳየት ጀመራችሁ። ባለቤቱ ቢቀያየርም ሰዓቱ ብዙም አልተነቃነቀም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ሰዓት ነው። ፎክስ ይህን ተከታታይ የሚያቀርበው እሑድ ማታ፣ ለቤተሰብና ለአዋቂ በተመደበ ሰዓት ነው። ብሪታንያ ውስጥ ግን ከትምህርት ቤት መልስና ከእራት በፊት ባለችው ክፍተት ገባ። ለልጆች ተብሎ ያልተጻፈ ሥራ ልጆች በብዛት በሚያዩበት ሰዓት ተቀመጠ ማለት ነው።

የኦፍኮም የብሮድካስት ደንብ ዋተርሼድ የሚባለውን ድንበር ምሽት 9 ሰዓት ላይ ያሰምራል። ከዚያ እስከ ንጋቱ 5:30 ለልጆች የማይሆን ነገር ማሳየት ይቻላል፣ ከዚያ ውጭ አይቻልም። ደንቡ ልጅ የሚለው ዕድሜው ከ15 በታች የሆነውን ነው። አንቀጽ 1.14 እጅግ ከባድ የሚባሉትን ስድቦች ከ9 በፊት በጭራሽ ይከለክላል። አንቀጽ 1.16 ቀለል ስላሉት ሲናገር ዐውዱ ካላስገደደ አይነገሩ፣ ቢነገሩም አይደጋገሙ ይላል። አንቀጽ 1.12 ልጅ በቀላሉ ሊኮርጀው ስለሚችል ጥቃት፣ አንቀጽ 1.13 ደግሞ ሊኮርጀው ስለሚችል አደገኛ ድርጊት ነው፤ በዚህ ካርቱን ውስጥ ገመድ፣ ክብሪት፣ መሣሪያና የኤሌክትሪክ ሶኬት በመጡ ቁጥር ተቆጣጣሪው የሚያስበው እነዚህን አንቀጾች ነው። ኦፍኮም ቃላትን ከመለስተኛ እስከ እጅግ ከባድ የሚመድብ የተመልካች ጥናት በ2016 እና በ2021 አውጥቷል። ጥናቱ መመሪያ እንጂ የእገዳ ዝርዝር አይደለም። ይህን የምናነሳው መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ጊዜ ሲጣበብ መመሪያው ወደ ዝርዝር መለወጡ ስለማይቀር ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንምጣ። የአሜሪካ ጸሐፊዎች ስክሪፕቱን ሲያስረክቡ የፎክስ የራሱ ተቆጣጣሪ ክፍል አስቀድሞ አበጥሮታል፤ በአሜሪካ ጆሮ የሚከብደው ቃል ለንደን ሳይደርስ ወጥቷል። ለንደን ላይ ለመቀስ የሚተርፈው ለአሜሪካ ጆሮ ምንም የማይመስለው የእንግሊዝ ስድብ ነው። ጸሐፊዎቹ አንድን ገጸ ባሕርይ እንግሊዛዊ ለማስመሰል ሲፈልጉ «ብለዲ»፣ «በገር»፣ «ዋንከር» ይረጩበታል። ለእነሱ ቀልዱ ቅላጼው ላይ ነው፤ ማንቸስተር ለተቀመጠች አያት ግን ቃሉ ቃል ነው።

ኤፕሪል 1998 በአሜሪካ የታየውን፣ የካርቱኑ ቤተሰብ አባት ሆመር የከተማዋ የቆሻሻ ኃላፊ ለመሆን የሚወዳደርበትን የሲዝን 9 22ኛ ክፍል ውሰዱ። የተከታታዩ 200ኛ ክፍል ነው፣ ዩቱ የተባለው ባንድም ራሱን ሆኖ ይሳተፍበታል። ከእነዚህ ስድቦች የመጨረሻው (በአማርኛ ባንተረጉመው ይሻላል) በዚህ ክፍል ውስጥ ስላለ፣ ብሪታንያ ውስጥ ክፍሉ ከ9 በፊት ሲቀርብ መቀስ ነክቶታል። መቆረጡ አልከፋንም። የከፋን፣ ይህን ክፍል በምሽት 6 ብቻ የሚያይ ሰው እፊቱ ያለው ሙሉ ሥራ ይሁን የጎደለ የሚያውቅበት አንዳች ምልክት አለመኖሩ ነው።

ቃል ማውጣት ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ነው። በብሪታንያ ስርጭት አንድ ሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) አለው፣ እያንዳንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። «ባስታርድ» ተብሎ ሲጮኽ ግማሽ ሰከንድ ያህል፣ ማለትም 12 ወይም 13 ፍሬም ይወስዳል። ንግግሩ ከሙዚቃውና ከድምፅ ማጀቢያው ተለይቶ በሌላ ትራክ ከመጣ የንግግሩን ትራክ ብቻ ለ12 ፍሬም መዝጋት ይበቃል፤ ሙዚቃው ከሥር ይቀጥላል፣ የተመልካች ጆሮም ብዙ አይሰናከልም። የመጣው ሁሉም የተደባለቀበት ስቴሪዮ ብቻ ከሆነ ግን ሦስት ክፉ አማራጭ ይቀራል።

የመጀመሪያው ድምፁን መዝጋት ነው። ሙዚቃው አብሮ ስለሚጠፋ ጉድጓዱ ይሰማል፤ አፉ መንቀሳቀሱን ስለማያቆም የተባለውን ለመገመት ሰባት ዓመት ልጅም አያቅተውም። እንዲያውም ልጁን ወደ ቃሉ የሚጠቁመው ጉድጓዱ ራሱ ነው። ሁለተኛው ከአጠገቡ ያለውን የሙዚቃ ቁራጭ ገልብጦ ጉድጓዱን መሙላት ሲሆን፣ ምቱ ካልገጠመ እንደተቧጨረ ሸክላ ይዘላል። ሦስተኛው ሥዕልና ድምፅን አንድ ላይ ቆርጦ መገጣጠም ነው። ከሁሉም ንጹሕ የሚመስለው ይህ ነው፤ ቀልዱን ጨርሶ የሚገድለውም እሱ ነው። ቀልድ የሚሠራው በጊዜ ነው። ነገሩ ይነገራል፣ ትንሽ ዝም ይባላል፣ ከዚያ መምቻው ይመጣል። መምቻው ቃል ከነዝምታው ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩ ጭራ አልባ ሆኖ ወደ ሚቀጥለው ትዕይንት ይወድቃል።

ጥሩ ኤዲተር እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለው። መቀሱን ቃሉ ላይ አያሳርፍም፣ ትዕይንት ወደሚቀየርበት ፍሬም ይወስደዋል። የጎደለውን ጊዜ ደግሞ የሌላ ገጸ ባሕርይ ፊት ላይ ሥዕሉን በማቆም ይሞላል። ካርቱን ለዚህ ይመቻል። በአኒሜሽን አንድ ሥዕል ብዙውን ጊዜ ለሁለት ፍሬም ስለሚያዝ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ፊልም ላይ የሚታዩት የተለያዩ ሥዕሎች 12 ብቻ ናቸው፤ ለአፍታ መቆሙ ዓይን ውስጥ አይገባም። ነገር ግን ቅጂው ወደ ብሪታንያ የተቀየረበት መንገድ ይወስነዋል። የ24 ፍሬሙ ፊልም ወደ 25 ተፋጥኖ ከመጣ እያንዳንዱ ሥዕል ጥርት ያለ ነው። ከአሜሪካ የቪዲዮ ቴፕ በማሽን የተለወጠ ከሆነ ግን ሁለት ሥዕሎች ተደራርበው የሚታዩባቸው ፍሬሞች በየመካከሉ አሉ። ኤዲተሩ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ካቆመ የሆመር ሚስት ማርጅ አራት ዓይን ኖሯት ትፈጣለች።

ማፋጠኑም የራሱ ዋጋ አለው። ከ24 ወደ 25 ሲኬድ ፍጥነቱ በ4 በመቶ ይጨምራል፤ 22 ደቂቃ የነበረው ክፍል ወደ 21 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይወርዳል፣ ድምፁም ካልተስተካከለ በመጠኑ ይቀጥናል። አንድም ቃል ሳይወጣ ወደ 53 ሰከንድ ገደማ ተቀነሰ ማለት ነው። አንዳንድ ተመልካች «ቆረጡት» ብሎ የሚከሰው ከዲስክ ጋር ሰዓት አመሳክሮ ይህን ልዩነት ሲያገኝ ነው። ይህኛው ሐሜት በከንቱ ነው። የቁርጡ ዝርዝር ቢወጣ ግን እንዲህ ያለው ሐሜት ባልተነሳም ነበር።

ሳብታይትሉ የሚሠራው በብዛት ከሙሉው ቅጂ ነው። ከመካከል 2 ሰከንድ ከወጣ፣ ፋይሉ እንደገና ካልተስተካከለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፍ ሁሉ 2 ሰከንድ ይዘገያል። ድምፁ ብቻ ተዘግቶ ጽሑፉ ከተረሳ ደግሞ ይባስ። ልጆች እንዳይሰሙት የተባለው ቃል ከሥዕሉ ግርጌ ተጽፎ ይነበባል! መስማት የተሳነው ልጅ ሌላው የተከለከለውን ያገኛል ማለት ነው። ለዓይነ ስውራን የሚነበበው የድምፅ ገለጻም እንደዚሁ ነው፤ የወጣውን ትዕይንት አሁንም ሲተርክ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ክፍል ከተቆረጠ ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ ሳብታይትሉና ገለጻው አራቱም አብረው ይፈተሹ።

ቁርጥን ያለ ቅሬታ የምንደግፍበት ቦታ አለ፤ እሱም የብርሃን ብልጭታ ነው። ዲሴምበር 1997 ጃፓን ውስጥ የፖኪሞን ካርቱን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ሲያብለጨልጭ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሆስፒታል ገቡ። ሲምፕሰንስ በሜይ 1999 ይህንኑ አደጋ ቀልድ አደረገው፤ ቶኪዮ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ የሮቦት ካርቱን እያየ መሬት ላይ ይንፈራገጣል። ቀልዱ ራሱ ብልጭታ ስላለው እንዳለ ቢተላለፍ የሚቀልድበትን ነገር ያደርሳል። የብሪታንያ መመሪያ በግምት በሰከንድ ከ3 በላይ ብልጭታን፣ በተለይም ከስክሪኑ ሩብ በላይ ሲሸፍንና ደማቅ ቀይ ሲሆን አያሳልፍም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከስርጭት በፊት በመመርመሪያ ሶፍትዌር ያልፋል፤ በሙያው አካባቢ «ሃርዲንግ ቴስት» ይሉታል። የወደቀ ቁራጭ ሁልጊዜ መውጣት የለበትም። የብርሃኑን ልዩነት ማደብዘዝ ወይም ብልጭታውን ማዘግየት ይበቃል፣ ቀልዱም ይተርፋል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ምርመራው ከቁርጡ በኋላ ይደገም። በፊት ተራርቀው የነበሩ ሁለት ብልጭታዎች መካከላቸው ያለው ሲወጣ ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ለብቻቸው ያለፉት ተደምረው ይወድቃሉ።

ሙሉ ክፍል ስለ መያዝ ደግሞ የስካይን የድሮ ውሳኔ እናንሳ። በኖቬምበር 1997 አሜሪካ ላይ የታየው፣ ሆመር ሽጉጥ የሚገዛበት የሲዝን 9 5ኛ ክፍል ነው። ስካይ መሣሪያውን እንደ መጫወቻ የሚይዝባቸው ትዕይንቶች በዝተዋል ብሎ አላሳይም አለ። ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ማርች 1996 ደንብሌን በምትባለው የስኮትላንድ ከተማ አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትና መምህራቸውን ገድሎ ነበር፤ በዚያው መዘዝ ሽጉጥን በግል መያዝ በ1997 በሕግ ተከለከለ። በዚያ ሐዘን ውስጥ ሽጉጥ በፍሪጅ የሚደብቅ አባት ማሳየት ከባድ መሆኑ ይገባናል። ሆኖም ያንኑ ክፍል ቢቢሲ ቱ አሳየው። በ1999 ደግሞ ለቴሌቪዥን የማይሆኑ ከተባሉ ሌሎች ክፍሎች ጋር በቪዲዮ ካሴት ተሸጠ። አገሩ አንድ፣ ሕጉ አንድ፣ ውሳኔው ሁለት። የሚወስነው ደንቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጣቢያ ሁለት መልስ ባልሰጠም ነበር። የሚወስነው የሰው ፍርድ ነው፤ የሰው ፍርድ ደግሞ ምክንያቱ ሲነገር ነው የሚከበረው።

በነገራችን ላይ ሆመር የልጁን የባርትን ጉሮሮ አንቆ የሚይዘው ትዕይንት ለአሥርተ ዓመታት በምሽት 6 ሲያልፍ ኖሯል። አንቀጽ 1.12ን ለሚያነብ ወላጅ ይህ ያለፈበት አንድ የእንግሊዝ ስድብ የሚወድቅበት ምክንያት ግልጽ አይሆንለትም። መልስ አለው፤ የካርቱኑ ጭካኔ የተጋነነ ነው፣ ምላሱ አንድ ክንድ ወጥቶ ይመለሳል፣ ማንም አይሞትም፣ ልጁም ቀልድ መሆኑን ያውቃል። በእኛ ግምት ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ግን ወላጁ ከማን ይስማው?

ቁርጡ ሁሉ የእናንተ እጅ እንዳልሆነም እናውቃለን። ማይክል ጃክሰን በድምፁ የተሳተፈበትን የ1991 ክፍል በማርች 2019 ከስርጭት ያወጡት አዘጋጆቹ ራሳቸው ናቸው። የመንትዮቹ ሕንጻዎች ጉልህ ሆነው የሚታዩበት የኒውዮርኩ ክፍል፣ የሲዝን 9 የመጀመሪያው፣ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለጊዜው ተነሥቶ ነበር። ዲዝኒ ፕላስ ደግሞ አንድም መቀስ ሳያነሳ ቀልድ ቆርጧል። ከ2009 በፊት ያሉት ክፍሎች በ4:3 (ወደ ካሬ በተጠጋው የድሮ ቴሌቪዥን) ቅርፅ የተሠሩ ናቸው፤ አገልግሎቱ ሲጀምር ሰፊውን ስክሪን እንዲሞሉ ከላይና ከታች ተከረከሙ። በደፍ ቢራ ፋብሪካ ጉብኝት ላይ ሦስት የተለያዩ ቢራዎች ተብለው የሚሸጡት በርሜሎች ሁሉ ከአንድ ቧንቧ እንደሚሞሉ የሚያሳየው ቀልድ ያለው ከሥዕሉ አናት ላይ ነው። አናቱ ሲከረከም ቧንቧው ጠፋ፣ ቀልዱም አብሮ ሄደ። ተመልካች ስለጮኸ በሜይ 2020 የ4:3ቱ ቅጂ ተመለሰ። ተመልካች ያን ያህል ሊጮኽ የቻለው የጎደለውን ማሳየት ስለቻለ ነው፤ ዲስኩ በእጁ ነበር። የምሽት 6 ተመልካች እጅ ግን ምንም የለም።

ስለ ማስታወቂያ በአጭሩ። እንደ እናንተ ባለ የሕዝብ አገልግሎት ግዴታ ባለበት ቻናል የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም መካከሉ ላይ አንድ እረፍት ብቻ ይፈቀድለታል። አሜሪካኖቹ ግን ታሪኩን ከአንድ በላይ ለሆነ እረፍት ነው የሚከፋፍሉት። እረፍት ሳይገባበት የሚያልፈው ቦታ ላይ ሥዕሉ ጠቁሮ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ወዲያው ይቀጥላል፤ ብዙ ሰው ይህን የተቆረጠ ትዕይንት ያደርገዋል፣ አይደለም። ከ2009 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የጸናው የምግብ ማስታወቂያ ገደብ ደግሞ በተመልካቹ ስብጥር ይሰላል። ልጆች በሕዝቡ ውስጥ ካላቸው ድርሻ ይልቅ በፕሮግራሙ ተመልካች ውስጥ ያላቸው ድርሻ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ስኳር፣ ጨውና ስብ የበዛበት ምግብ እዚያ አይተዋወቅም። ልጆች የሕዝቡ 15 በመቶ ናቸው ብንል፣ የፕሮግራሙ ተመልካች 18 በመቶው ልጅ ሲሆን ገደቡ ተነካ ማለት ነው። የፒዛና የዶናት ወዳጅ የሆነው ሆመር የፒዛ ስፖንሰር ያጣበት ምክንያት ይኸው ስሌት ነበር፤ እዚህ ላይ ከሳንሱሩ ይልቅ ሂሳቡ ሳያስቀን አልቀረም።

የአደራደሩ ነገር ከቁርጡ ያነሰ ቢመስልም ቤት ውስጥ የበለጠ የሚያናድደው እሱ ነው። በሳምንት 5 ቀን አንድ አንድ ክፍል ቢታይ በዓመት 260 ቦታ ይኖራል፤ ከ780 በላይ የሆኑትን ክፍሎች አንድ ዙር ለመጨረስ 3 ዓመት ይፈጃል። በቀን ሁለት ቢታይ ዓመት ተኩል ይበቃል። ክፍሎቹ ለየብቻቸው ስለሚቆሙ በዘፈቀደ መደርደር ይቻላል የሚል እምነት አለ፤ አብዛኞቹ በእርግጥ ይችላሉ። የማይችሉት ግን ይታወቃሉ። ሚስተር በርንስን ማን ተኮሰው የሚለው ታሪክ በ1995 በሁለት ክፍል የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው ሐሙስ ታይቶ ሁለተኛው ዓርብ ካልመጣ ከንቱ ነው። የቤተሰቡ ጎረቤት ሞድ ፍላንደርስ በፌብሩዋሪ 2000 ክፍል ሞተች፤ ሰኞ ቀብሯን ያየ ልጅ ማክሰኞ በሕይወት ሲያገኛት ይጠይቃል፣ አባቱም መልስ የለውም። የሃሎዊን ክፍሎች በሜይ፣ የገና ክፍሎች በኦገስት ሲወጡም እንደዚሁ። ሙሉውን በቅደም ተከተል አሳዩ አንልም፤ በፕሮግራም መመሪያው ላይ የሲዝኑና የክፍሉ ቁጥር ሁልጊዜ ይጻፍ፣ መንታ ክፍሎች አይለያዩ። ለዚህ ሰዓት ክብር መስጠት እንደምትችሉ ደግሞ እናውቃለን። ክሪኬት በእናንተ በኩል ይተላለፍ በነበረበት በ2005 የጨዋታው መጀመሪያ ወደ ጠዋት 10:30 ሲቀደም፣ አንዱ ምክንያት የምሽቱ ተከታታዮች እንዳይገፉ ነበር። ለሲምፕሰንስ ሲባል አሽስ (የእንግሊዝና የአውስትራሊያ የክሪኬት ፉክክር) ማለዳ ከተነሣ፣ ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይከብድም።

አሁን ስለ ሁለቱ ጥያቄዎች አፈጻጸም። መዝገብ ያልነው አዲስ ሥራ አይደለም። ይዘት ተቆጣጣሪው ክፍሉን ሲያይ የሰዓት ኮዱን፣ የችግሩን ዓይነትና የወሰደውን እርምጃ ይጽፋል፤ ያ ማስታወሻ አስቀድሞ አለ። ከእሱ ላይ አንድ መስመር ለሕዝብ ይውጣ። ለምሳሌ «ሲዝን 9፣ ክፍል 22፤ አንድ ስድብ ወጥቷል፤ 3 ሰከንድ» ቢባል በቂ ነው። ስድቡን መድገም አያስፈልግም። ዓይነቱ ስድብ፣ ሊኮረጅ የሚችል አደጋ፣ ብልጭታ ወይም ወሲብ ተብሎ ይመደብ። ከአዘጋጆቹ ወይም ከአከፋፋዩ ተቆርጦ የመጣም ካለ «ሲደርሰን እንዲህ ነበር» ይባል። እንዲህ ከሆነ በሌላው ጥፋት አትታሙም።

ሁለት ቅጂ መያዝ ደግሞ ወጪ አለው፣ አንክደውም። ሁለት ፋይል፣ ሁለት ሳብታይትል፣ ሁለት የብልጭታ ምርመራ ይጠይቃል። ወጪው የሚመለከተው ግን የተቆረጡትን ክፍሎች ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ከ9 በኋላ ለሲምፕሰንስ የተመደበ ሰዓት የለም የሚል ሊሆን ይችላል። በኢንተርኔት በሚቀርበው አገልግሎታችሁ ግን ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኩን የከፈተ አዋቂ ለ6 ሰዓት ልጅ የተሰፋውን ቅጂ የሚያይበት ምክንያት አይታየንም። ሙሉው ቅጂ በፒን ቁጥር ተዘግቶ ከጎኑ ይቀመጥ። የ2024ቱ የሚዲያ ሕግ በትልልቅ የኢንተርኔት ቪዲዮ አገልግሎቶች ላይ ኦፍኮም የይዘት ደንብ እንዲያወጣ አዟል። ለኦፍኮም ግልባጭ የላክነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በደንቡ ውስጥ «የተቆረጠ ቅጂ መሆኑ ይገለጽ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባልን።

ከሁሉም በአንዴ ጀምሩ አንልም፣ ከሲዝን 9 ጀምሩ። 25 ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ የኒውዮርኩም፣ የሽጉጡም፣ የቆሻሻ ኃላፊውም ክፍል እዚያው ውስጥ ይገኛሉ። የእነዚያ 25 ክፍሎች የቁርጥ ማስታወሻ በአንድ ገጽ ተጽፎ ቢወጣ፣ ቀሪውን በዚያው ልክ ለመሥራት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ እናንተም እኛም እናውቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በብሪታንያ በቪዲዮ ቅንብር፣ በሳብታይትልና በይዘት ግምገማ ሥራ ላይ ያለን አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች